ጅማ ላይ የትኛው ሞተር? የአስፋልቱ፣ የጭቃው ወይስ ሁለቱንም የሚችለው

ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ሲሲ ልግዛ?» ብሎ፣ ማለትም በሞተሩ መጠን፣ ነው የሚጀምረው። እኔ ደግሞ «ሐምሌ ላይ ወደ ቤትህ የሚያስገባው መንገድ ምን ይመስላል?» ብዬ ጥያቄውን በጥያቄ እመልስለታለሁ። ያሾፍኩ ይመስለዋል። ግን መሀል ከተማ፣ ከመርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ያለውን አስፋልት የማይችል ሞተር የለም። ሞተር ከሞተር የሚለየው አስፋልቱና ኮብልስቶኑ አልቆ ቀዩ አፈር ሲጀምር ነው። የጅማ ቀይ አፈር ሲደርቅ ዱቄት፣ ሲርስ ሳሙና ነው። ዝናቡም ከሰኔ እስከ መስከረም ይበርታ እንጂ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እየተመላለሰ ይጥላል፤ በዓመቱ ውስጥ እውነተኛ ደረቅ ወር ብትቆጥሩ ጥቂት ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን የመረጥኩት በመልኳ ነበር፤ ሰፊ የኋላ ጎማ፣ ሹል ጅራት፣ ቀይ ቀለም። አንድ ነሐሴ ከሰቃ መንገድ ወጣ ብዬ ወደ ዘመድ ቡና ማሳ ስገባ፣ ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ የፊት ጎማው መዞር አቆመ። ፍሬን አልያዝኩም፤ ማርሹም ደህና ነው። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ተጠቅጥቆ፣ ጎማውን እንደ ጡብ ገጥሞት ነበር። በእንጨት እየፈለፈልኩ አስር እርምጃ፣ እንደገና መፈልፈል፣ እንደገና አስር እርምጃ። በአጠገቤ አንድ የግብርና ባለሙያ አሮጌ ያማሃውን እያስጮኸ፣ ከኋላው ሰው አፈናጦ አለፈ። ፓራፋንጎው ከጎማው ራቅ ብሎ፣ ከፍ ተደርጎ ነበር የተሰቀለው። ያ ከፍታ ለጌጥ የሚመስለኝ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ከሞተሮቹ በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ።

በምን እንመዝን?

አንደኛው የመንገድ ድርሻ ነው። አንድ ተራ ሳምንት ውሰዱና የምትሄዱትን ኪሎ ሜትር በሦስት ክፈሉት፤ አስፋልት፣ ኮረኮንች፣ ጭቃ። ያለማችሁትን ጉዞ ሳይሆን በእርግጥ የምትሄዱትን ቁጠሩ። ብዙ ሰው በዓመት አንዴ ሊሄድ ላሰበው ጫካ ብሎ የገዛውን ሞተር ዓመቱን ሙሉ ከቤት ሥራ ቦታ ያመላልስበታል።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው፣ የመቀመጫው ከፍታ ነው። የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይነቃነቅ የሚቆመው ሦስት እግር ስላለው ነው። ሞተር ያለው ሁለት ጎማ ብቻ ነው፤ ሲቆም ሦስተኛው እግር የእናንተ እግር ነው። ጭቃ ውስጥ ሞተር ሲያዘነብል ተረከዛችሁ መሬት ካልደረሰ ይወድቃል፤ አለቀ። ሱቅ ውስጥ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ጣታችሁ ስለነካ አትታለሉ። ጫማ አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም እግር አውርዳችሁ፣ ሞተሩን ግራና ቀኝ እያዘነበላችሁ ሞክሩት።

ሦስተኛው ዕቃና መካኒክ ነው። ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ግቡና የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካቴና ከነጥርሱ ጠይቁ። ባለ ሱቁ እጁን ዘርግቶ ከመደርደሪያ ካወረደ ጥሩ። «ከአዲስ አበባ ይመጣል» ካለ፣ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ዕቃ እስኪደርስ በእግር መሄድ እንዳለ እወቁ።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ማንን ወይም ምን ትጭናላችሁ? በሊትር ስንት ይሄዳል፣ ታንከሩስ ስንት ይይዛል? የነዳጅ ሰልፍ ያየ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ያየዋል። ወረቀቱስ? ሊብሬ፣ ታርጋ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ለእናንተም የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ።

ሲሲን ያላስቀደምኩት ረስቼው አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 10 ገደማ ነው፤ ዴዶ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከፍታ ላይ ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መካኒክ ቢያስተካክለው የሚድን ነገር ነው። በኮምፒውተር የሚመጠን የነዳጅ አሠራር ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ሲበላሹ ግን የሰፈር መካኒክ በጠመንጃ መፍቻ ፈትቶ አያድናቸውም።

ቀላሉ የከተማ ሞተር (ከ100 እስከ 150 ሲሲ)

ቦክሰርና እሱን የመሰሉት ናቸው። መቀመጫቸው ወደ 80 ሳንቲሜትር፣ ሆዳቸው ከመሬት ከ16 እስከ 18 ሳንቲሜትር። በእርጋታ ከተነዱ በሊትር ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ 11 ሊትር በሚይዝ ታንከር ጅማና አጋሮን አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። መቀመጫቸው ረጅም ስለሆነ ሁለት ሰው ሳይጨናነቅ ይቀመጣል፣ ከኋላ ያለው ብረትም ኩንታል ባይሆን ግማሽ ኩንታል ይችላል። ዕቃቸው በየሱቁ አለ፤ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታቸዋል።

«ደስታስ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ሞተር ዶቅዶቄ ብለው የሚንቁት አሉ። እኔ ግን ኅዳር ላይ፣ ቡና በየደጁ ተሰጥቶ አየሩ ሲሸት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ወደ ሰርቦ እንደ መንሸራሸር ያለ ነገር አላውቅም። ፈጣን ሞተር ላይ ያንን ሽታ ታልፉታላችሁ።

ድክመቱ ጭቃ ነው። ፓራፋንጎው ዝቅ ያለ፣ ጎማው ለስላሳ፣ አሞርዛተሩ አጭር ነው። ግማሽ መድኃኒት አለው፦ ጎማውን ጥርስ ባለው ባለ ሁለት ዓላማ መቀየርና የፊት ፓራፋንጎውን ጥቂት ጣት ከፍ አድርጎ ማሰር። የገጠሩ መንገድ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ይህ ይበቃል።

ስፖርት መልክ ያለው የአስፋልት ሞተር (ከ150 እስከ 200 ሲሲ)

አፓቼ፣ ፐልሰር እና የመሳሰሉት። ወጣቱ የሚወደው ይህን ነው፤ እኔም ወድጄ አውቃለሁና አልፈርድም። ከጅማ ወደ ቦንጋ ያለው ጥምዝምዝ፣ ዛፍ ያጠላበት አስፋልት፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ የጊቤ በረሃ ቁልቁለት ለዚህ ሞተር የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ፍሬኑ የሚታመን፣ በ80 የማይንቀጠቀጥ፣ መኪና ለመቅደም ጉልበት የሚተርፈው ነው። በሊትር ከ35 እስከ 45 ይሄዳል።

ነገር ግን አስፋልቱም የጅማ አስፋልት ነው። ከገጠር የሚወጣ አይሱዙ በየመገንጠያው ጭቃ ያራግፋል፤ በወቅቱ ቡና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ይሰጣል፤ አህያና ላም የትራፊክ ሕግ አያነቡም። ፍጥነት የሚወድ ሰው ኩርባው ጀርባ ያለውን አያይም። ከአስፋልት ሲወርድ ደግሞ እንደ እኔው መፈልፈያ እንጨት ይቆርጣል። የኋላ መቀመጫውም ከፍ ያለና ጠባብ ነው፤ እናታችሁን ይዛችሁ ለቅሶ የምትሄዱበት አይደለም።

ሁለቱንም የሚችለው (ከ100 እስከ 250 ሲሲ)

ጅማ ላይ ቆም ብለን ልናየው የሚገባው ይሄኛው ነው። ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የግብርና ሞተር የሚባለው ነው። የያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 ምሳሌ ናቸው፤ ስማቸው ራሱ ከግብርና የመጣ ነው። ካቴናው በሽፋን ስለተዘጋ ጭቃና አቧራ አይበላውም። ከፊትም ከኋላም መጫኛ ብረት አለው፣ የጎን ማቆሚያውም በግራና በቀኝ ነው፤ ዘንበል ያለ መሬት ላይ ያቆመ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ፈጣን አይደለም። አስፋልት ላይ ከ70 በላይ ስትሉት ቅሬታውን በድምፅ ያሰማችኋል። ግን ተራራ ላይ እንደ በቅሎ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይቀርም።

ኤጂ 100ና ሌላው ያማሃ፣ ዲቲ 125፣ ግን ባለ ሁለት ምት ሞተሮች መሆናቸውን አትርሱ። የራሳቸውን ዘይት ከቤንዚን ጋር ያቃጥላሉ፤ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ከደረቀ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ይጣበቃል። ቤንዚንም ይበላሉ፣ በሊትር ከ25 እስከ 30 ቢሄዱ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ቁልቁለት ላይ በማርሽ ብዙም አይያዝም። ከዴዶ ስትወርዱ ባለ አራት ምቱ በሁለተኛ ማርሽ ራሱን ሲገታ፣ ይሄኛው አብዛኛውን ሸክም ፍሬን ላይ ይጥለዋል። የፍሬን ሸራ ሲግል ደግሞ መያዙን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ባለ አራት ምት ትሬል፣ ማለትም ለአስፋልትም ለገጠር መንገድም የተሠራው ከፍ ያለ ሞተር፣ ነው፤ ሆንዳ ኤክስኤል 125፣ ኤክስአር 150፣ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125። የአብዛኞቹ የፊት ጎማ 19 ወይም 21 ኢንች ነው፤ ትልቅ ጎማ የውሃ ቦይና ድንጋይ ላይ ሲደርስ ሳይገባበት ተሻግሮት ይሄዳል። ሆዱ ከ24 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ ፓራፋንጎው ከጎማው ይርቃል፣ በሊትር ከ35 እስከ 40 ይሄዳል። ለእኔ የጅማ ሞተር ይህ ነው። ደስታው የሚገባችሁ ግን ቆማችሁ ስትነዱ ነው፦ መርገጫው ላይ ቆማችሁ፣ ጉልበታችሁን ላላ አድርጋችሁ፣ ሞተሩ ከሥራችሁ እንደ ፈረስ ሲወራጭ። በዚህ ሁኔታ ጅሬን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጅ ደርሳችሁ ቁልቁል ከተማዋን ስታዩ ጭቃው ራሱ የጉዞው አካል ይሆናል።

ሦስተኛው 250ው ነው። ጉልበቱ ያስደስታል፤ ረጅም መንገድም ይችላል። መቀመጫው ግን 87 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ ክብደቱም ከ140 ኪሎ በላይ። ብቻችሁን ጭቃ ውስጥ ስትጥሉት ብቻችሁን ነው የምታነሱት። አንዳንዶቹ ታንከራቸው 8 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

የዚህ ክፍል ሁሉ ድክመት ቁመትና ዋጋ ነው። አዲሱ ውድ ነው፤ ያገለገለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ ነው። የጨረታ ሞተር ብዙ እጅ የነካው ነው፤ የማንም ያልሆነ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። ቢሆንም አጽሙ ጠንካራ ስለሆነ ሞተሩ ታድሶ ዓመታት ያገለግላል። የሊብሬ ዝውውሩን ሳትጨርሱ ግን ሙሉ ብር አትክፈሉ።

የውድድር የጭቃ ሞተር

ቪዲዮ ላይ ሲዘል የምታዩት። መብራት፣ መስታወት፣ ፍሬቻ የለውም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ታርጋ አውጥቶ አይነዳም። መቀመጫው ወደ 95 ሳንቲሜትር ነው። የሞተሩ እድሳት የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ በፒክአፕ ጭኖ ወስዶ፣ ነድቶ፣ በፒክአፕ መመለስ ነው። ጅማ ላይ ለማን እንደሚሆን አላውቅም፤ ቢያንስ ለመጀመሪያ ሞተር ለማንም አይሆንም።

የኤሌክትሪኩ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ ዓይን ውስጥ ገብቷል፤ ሞተሩም እንዲሁ። ለከተማ ምልልስ ርካሽ ነው፣ ሰልፍ የለበትም፣ ድምፅ የለውም። ዳገትና ሁለት ሰው ግን ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል፤ መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ ጠዋት በእግር ያስኬዳል። ሻጩ የሚነግራችሁን ርቀት በግማሽ ቀንሳችሁ አስቡ፤ ባትሪው ሊቲየም ይሁን ከባዱ የእርሳስ ባትሪ ይሁን ጠይቁ፣ የዕድሜ ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

በአንድ ዓይን

| መመዘኛ | የከተማ 100–150 | ስፖርት መልክ 150–200 | ትሬል 125–200 (አራት ምት) | ትሬል 250 | ኤሌክትሪክ |
|---|---|---|---|---|---|
| አስፋልት ላይ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ደህና | ጥሩ | ከተማ ውስጥ ብቻ |
| የሐምሌ ጭቃ | ጎማ ከተቀየረ ደህና | አይሆንም | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ግን ከባድ | አይመከርም |
| መቀመጫ | ዝቅ ያለ | ዝቅ ያለ | ከፍ ያለ | በጣም ከፍ ያለ | ዝቅ ያለ |
| በሊትር ኪ.ሜ. | 40–50 | 35–45 | 35–40 | 25–30 | ነዳጅ የለም |
| ዕቃና መካኒክ | በየቦታው | ይገኛል | ይገኛል፣ ይወደዳል | ሊጠበቅ ይችላል | ገና ነው |
| ሁለት ሰው | ምቹ | አስቸጋሪ | ይሆናል | ይሆናል | አጭር መንገድ |
| የመግዣ ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ | ከፍተኛ | የተለያየ |

ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለከርሞ ስለማይሠራ ነው። ደረጃቸው ግን እምብዛም አይለዋወጥም።

ለማን የትኛው?

ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆናችሁ ቤታችሁ ቆጪ ወይም መንደራ ከሆነ፣ የከተማውን ግዙ። በተረፈው ብር ጥሩ ሄልሜት። የሄልሜት ነገር ላይ ክርክር አልወድም፤ አገጭ የሚሸፍነውን ነው የምላችሁ፣ ኮፍያ የሚመስለውን አይደለም።

ሥራችሁ ቀበሌ ለቀበሌ የሚያዞር ከሆነ፣ ጤና ኤክስቴንሽንም ሁኑ ግብርና ወይም ቡና ሰብሳቢ፣ ባለ አራት ምት ትሬል። ቁመታችሁ አጠር ካለ በዚህ ምክንያት አትተዉት። የመቀመጫውን ስፖንጅ ሦስት ሳንቲሜትር ማስቀነስ ሶፋ ሰፊ ጋ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንዲት የማውቃት ነርስ እንዲሁ አድርጋ ዓመታት ነድታዋለች፤ አሁን ከባሏ ጋር የሚያጣላት ሞተሩን ማን ይውሰድ የሚለው ነው።

ብሩ ጠበብ ያለ፣ መንገዱ ግን ገጠር የሆነ ሰውስ? ለእሱ የምመክረው የተጎሳቆለ ትሬል ሳይሆን ደህና የከተማ ሞተር ከጥርስ ጎማ ጋር ነው። የካቴናውን የፊት ጥርስ በአንድ ጥርስ ባነሰ ቢያስቀይር ዳገት ላይ ጉልበት ያገኛል፤ ከከፍተኛ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንስበታል እንጂ ሌላ አይጎዳም።

በሳምንት መጨረሻ ለመዝናናት ብቻ የምትነዱ ከሆነና ከአስፋልት የማትወርዱ ከሆነ ስፖርት መልኩን ውሰዱ፣ ተደሰቱበት። ከአስፋልት መውረድ ካማራችሁ ግን ራሳችሁን አታታልሉ፤ ትሬሉን። ጥርስ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደሚንሸራተት ብቻ አትርሱ። ጭቃ ስትገቡ የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሱ፣ ስትወጡ መልሱት፤ ለዚህ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ከመቀመጫ ሥር ትገባለች። ትርፍ ካላማዳሪያም አብራችሁ ያዙ፤ ጎሚስታ ጫካ ውስጥ የለም።

ያላችሁን ብር በሙሉ ለሞተሩ አታውሉ። አንድ አምስተኛውን ለጎማ፣ ለሄልሜት፣ ለዝናብ ልብስ፣ ለኢንሹራንስና ለስም ዝውውር አስቀሩ።

ያገለገለ ስትገዙ

ከደላላ ጋር አትሂዱ አልልም፤ ያለ መካኒክ ግን አትሂዱ። የሻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አስተያዩ፤ ተፍቆ የተመታ የሚመስል ቁጥር ካያችሁ ስለ ዋጋ ሳታወሩ ተመለሱ። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከጥርሱ ብዙ ከተላቀቀ አልቋል። የፊት ሹካው ቱቦ ላይ ዘይት ካለ ጎሚኒው ያፈሳል። የፊት ጎማውን አንስታችሁ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ መሀል ላይ ቆረጥ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ባለ ሁለት ምት ካልሆነ በቀር ወደ ድርድር ሳይሆን ወደ ቤት የሚያስመልስ ነው።

እኔን አንዴ ያታለለኝ ሰው ይህን ሁሉ አሳይቶኛል፤ ሞተሩን ግን ቀድሞ አስነስቶ አሙቆት ነበር። የጋለ ሞተር ሁሉ ደህና ሞተር ይመስላል። በነጋታው ቤቴ በር ላይ ሃያ ጊዜ ረግጬ እምቢ አለኝ። አሁን እንደደረስኩ መጀመሪያ የማደርገው እጄን ወደ ሞተሩ ብረት ጠጋ ማድረግ ነው፤ ከሞቀ ሻይ አዝዤ እስኪበርድ እጠብቃለሁ።